የማቴዎስ ዳና የሠራተኛ ቁጥር

ይህን የምጽፈው በመሥሪያ ቤት ለምትሠሩ ሁሉ ነው፤ ይልቁንም እንደ እኔ የሌላ ሰው ወረቀት በእጃችሁ ላለ። ነገሩ የደረሰው በ1978 ዓ.ም. ታኅሣሥ ውስጥ፣ ያኔ አዋሳ እንላት በነበረችው ከተማችን፣ መሃል ከተማ በሚገኝ አንድ የመንግሥት የችርቻሮ መደብር ነው። የመደብሩን ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የእኔ ነውና። ሙሉጌጥ እባላለሁ። በመደብሩ የሠራተኛ አስተዳደር ጸሐፊ ነበርኩ።

መደብራችን ሠላሳ አራት ሠራተኞች ነበሩት። በአንድ ወገን ጨርቃ ጨርቅ፣ በሌላው ወገን ሳፋና ድስት፣ ጥጉ ላይ ሳሙናና ስኳር ይሸጣል። ስኳር የመጣ ቀን ሰልፉ አስፋልቱን ተሻግሮ ይሄዳል። እያንዳንዱ ሠራተኛ ከአዲስ አበባው ዋና መሥሪያ ቤት የሚሰጠው የሠራተኛ ቁጥር አለው። ቁጥሩ መታወቂያ ካርዱ ላይ ይጻፋል፤ ፎቶግራፍ ይለጠፍበታል፤ ማኅተም ያርፍበታል። ጠዋት ስንገባ በምንፈርምበት መዝገብ ላይም ከስማችን ጎን ቁጥራችንን የምንሞላበት ቦታ ነበር። ነባሮቹ ይሞሉታል። አዲሶቹ ሰረዝ አድርገው ያልፋሉ። እኔም ሰረዙን እያየሁ መዝገቡን እዘጋለሁ።

በ1977 መስከረም ላይ አሥራ አንድ አዳዲስ ሠራተኞች ተቀጠሩ። ከእነሱ አንዱ ማቴዎስ ዳና ነበር። የሃያ አንድ ዓመት ወጣት ነው፤ ትውልዱ ሶዶ። ወላጆቹ ስለሞቱ ታላቅ እህቱ ታቢታ ገበያው አጠገብ በስፌት መኪና ልብስ እየሰፋች ነው ያሳደገችው። ጨርቃ ጨርቅ ክፍል መደብነው። ቴትሮን ጨርቅ ሲለካ እጁ ከዓይን ይፈጥናል። ከሜትሩ ላይ ሁልጊዜ አንድ ጣት ያህል ትርፍ ይተዋል። ሴቶቹ ይህን ስለሚያውቁ እሱ ጋ ይሰለፋሉ። የሚያመልክበት የወንጌላውያን ጸሎት ቤት በመንግሥት ታሽጎ ስለነበር መዝሙሩን በአፍንጫው ብቻ ነበር የሚያዜመው።

በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ የአሥራ አንዱ ሰዎች ስምና ቁጥር በወፍራም ወረቀት ላይ በታይፕ ተጽፎ ከአዲስ አበባ መጣልኝ። የእኔ ድርሻ ቁጥሩን እየገለበጥኩ ካርዱን ማዘጋጀት፣ ማኅተም ማስመታትና ለየባለቤቱ መስጠት ነበር። ዝርዝሩን መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት። ማቴዎስ ፎቶግራፉን ይዞ በሳምንቱ መጣ።

«እትዬ፣ መታወቂያዬ ደረሰ?»

«ነገ ና» አልኩት።

በሌላ ጊዜም መጣ። አሁንም «ነገ» አልኩት። ከዚያ በኋላ መምጣቱን ተወ።

የጨርቃ ጨርቅ ክፍል ኃላፊያችን ጋሽ ሙህዲን ነበሩ። ከአብዮቱ በፊት የራሳቸው የጨርቅ ሱቅ የነበራቸው፣ ነገር የሚገባቸው ሽማግሌ ናቸው። አንድ ቀን ሻይ ስንጠጣ ማቴዎስን «ልጄ፣ ቁጥርህ ስንት ነው?» አሉት።

«አላውቀውም ጋሼ።»

«ዓመት ሠርተህ?»

ማቴዎስ ሳቀ። «ቁጥር የሚያስፈልገው ለእስረኛና ለቤት በር ነው። እኔ ስም አለኝ። መደብሩ ሁሉ ያውቀኛል።»

«መደብሩ ያውቅሃል፤ ከደጅ ያለው ሰው ግን አያውቅህም። እኔ ሦስት መንግሥት አይቻለሁ። ዘበኛ ቢያቆምህ ሳታስብ የምትመልሰው ነገር ይኑርህ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ሙሉጌጥ፣ የእነዚህን ልጆች ካርድ ምን ይዞብሽ ነው?»

«ጋሽ ሙህዲን ደግሞ! በስም የምንተዋወቅ ሰዎች አይደለን? ሥራ ሲቀለኝ እሠራዋለሁ» አልኩ።

እውነቱን ልናገር። ሥራ በዝቶብኝ አልነበረም። ከሰዓት በኋላ ከጠረጴዛዬ ሥር ሹራብ እሠራ ነበር።

ያ ማክሰኞ እንደማንኛውም ቀን ነው የጀመረው። ሦስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ታቢታ ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዶ መሬት እየጎተተ ወደ ቢሮዬ ገባች። የስፌት ሜትሯን ከአንገቷ እንኳ አላወረደችም።

«ወንድሜን ወሰዱት!»

«ማን?»

«አፈሳ ነው። ለብሔራዊ ውትድርና። ወደ ሥራ ሲመጣ መናኸሪያው ጋ ያዙት። የመደብር ሠራተኛ ነኝ ቢላቸው መታወቂያ አሉት። መታወቂያ የለውም። ቁጥርህን ንገረን አሉት። ቁጥሩንም አያውቅም።»

በዚያ ዙር በሥራ ላይ ያለ የመንግሥት ሠራተኛ እንደማይወሰድ ተነግሮን ነበር። ስለዚህ አልደነገጥኩም፤ ሄደን ብንነግራቸው ይለቁታል ብዬ ነው። የፊርማውን መዝገብ በብብቴ ይዤ ከጋሽ ሙህዲንና ከታቢታ ጋር ወጣሁ። የተያዙት ወጣቶች የታጎሩት በጉዱማሌ በኩል ባለ አንድ የታጠረ ግቢ ውስጥ ነበር። በሩ ላይ እናቶች ተኮልኩለዋል። የምልመላው ኃላፊ ጓድ ኩማ የሚባል፣ ድምፁ የተዘጋ፣ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት የቀላ ሰው ነው። መዝገቡን ገልጬ አሳየሁት። ጣቱን የማቴዎስ ስም ላይ አድርጎ ወደ ጎን ሄደና ሰረዙ ላይ ቆመ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ቁጥሩ ነው። ማለቴ… አልተሞላም።»

«እቱ፣ ከጠዋት ጀምሮ ስምንት ነጋዴ የእኔ ሠራተኛ ነው እያለ መጥቷል። ስም ማንም ይጽፋል። የሠራተኛ ቁጥሩን የያዘ፣ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ አምጪ፤ እለቀዋለሁ። መኪናው ስምንት ሰዓት ላይ ይነሳል።»

ጨካኝ ሰው አልነበረም። መንገዱን አሳየኝ፤ ጊዜም ሰጠኝ። ማቴዎስ በአጥሩ ቀዳዳ አየን። እጁን አወዛወዘልኝና ፈገግ አለ።

ተመልሰን መሳቢያዬን ከፈትኩ። ዝርዝሩ የለም። ሁለተኛውን ሳብኩ። ሦስተኛውን ወለሉ ላይ ዘረገፍኩት። የፋይል ቁምሳጥኑን አንድ በአንድ አወረድኩ። የማቴዎስ ፋይል ውስጥ የቅጥር ማመልከቻው፣ የትምህርት ማስረጃውና ያመጣው ፎቶግራፍ አሉ። ቁጥር የለም። ደመወዝ የሚከፈልበት መዝገብ ከገንዘብ ያዡ ጋር አዲስ አበባ ነው ያለው። ለዋናው መሥሪያ ቤት ስልክ አስመዘገብኩ። መስመር የለም ተባልኩ። ቁጭ ብዬ መጠበቅ አቃተኝ፤ ቆሜም መጠበቅ አቃተኝ። አንዴ ወደ ስልኩ፣ አንዴ ወደ ቁምሳጥኑ፣ ያየሁትን ፋይል መልሼ አያለሁ። መስመሩ የተገኘው ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ነው።

«የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ የፖለቲካ ውይይት ክበብ ላይ ናቸው። ከሰዓት በኋላ ይደውሉ» አለ አንድ ድምፅ፤ ተዘጋ።

ታቢታ በግቢውና በመደብሩ መካከል ትመላለሳለች። እግሯ አቧራ ለብሷል። በሦስተኛው ምልልሷ የቢሮዬ በር ላይ ቆማ እያለከለከች «ወንድሜን አናገርኩት» አለችኝ። «አትጨነቂ አለኝ። እትዬ ሙሉጌጥ መዝገብ ያዥ ናት፤ ታገኘዋለች አለ።»

ያን ጊዜ ነው ማልቀስ የጀመርኩት።

ጋሽ ሙህዲን ወለሉ ላይ የተበተነውን ወረቀት ሲያዩ ቆዩና «ሙሉጌጥ» አሉኝ በቀስታ፣ «ነሐሴ ላይ ዋጋ ሲለወጥ፣ ለዋጋ መለጠፊያ ብለን ወረቀት ስንጠይቅሽ የሰጠሽን ከየት አውጥተሽ ነበር?»

ከዚሁ መሳቢያ ነው። ወረቀት ጠፍቶ ስለነበር ጀርባው ንጹሕ የሆነውን ሁሉ ሳላገላብጥ አፍሼ ሰጥቻቸው ነበር። እነሱም ወፍራም ወፍራሙን እየመረጡ፣ በመቀስ እየቆራረጡ፣ በንጹሑ በኩል ዋጋ ጽፈው በየዕቃው ላይ ለጥፈውታል።

ጋሽ ሙህዲን ወደ መሸጫው ወጡና «ሽያጭ ይቁም!» ብለው ጮኹ። በዚያ መደብር ሲጮኹ ሰምቻቸው አላውቅም። ነገሩን በሁለት ቃል አስረዱ። ሠራተኛው ሁሉ የዋጋ ወረቀት እየገለበጠ ማየት ጀመረ። ተሰልፈው የነበሩት ሸማቾችም ተረባረቡ። አንዲት አሮጊት ማንበብ አልችልም ብለው የገለበጡትን ሁሉ ወደ እኔ እያመጡ «ይሄስ ነው? ይሄስ?» ይሉኛል። ከብርድ ልብስ ላይ፣ ከካልሲ ላይ፣ ከአቡጀዲ ጥቅል ላይ የታይፕ ጽሑፍ ያለበት ቁራጭ ብቅ ማለት ጀመረ። በጨርቅ መለኪያው ጠረጴዛ ላይ ደረደርነው። አንዱ ላይ የደብዳቤ ቁጥር፣ ሌላው ላይ ግማሽ ስም። የስሙና የቁጥሩ ዓምዶች በመቀስ ተለያይተዋል።

የሴቶች ልብስ ክፍል የምትሠራው ፈትያ ከአንድ የራስ ሻሽ ላይ ቁራጭ ነቅላ «ማቴዎስ! ማቴዎስ ዳና ይላል!» ብላ ጮኸች። ከእሱ በላይ «ጫልቱ» የሚል ስም አለ። ቁጥሩ ግን የለም፤ የቀኝ ጠርዙ ሰያፍ ሆኖ ተቆርጧል። እንግዲህ ጠርዙ ሰያፍ የሆነ፣ ሁለት ቁጥር የያዘ ቁራጭ ፍለጋ ሆነ። ሰባት ሰዓት አለፈ። ምናልባት ከተሸጠ ዕቃ ጋር ሄዷል። ምናልባት ከቆሻሻ ጋር ተጠርጓል።

ያገኙት ጋሽ ሙህዲን ናቸው፤ ከአንድ ሳፋ ቂጥ ላይ፣ በሙጫ ተለጥፎ። ቢላጥ ይቀደዳል። ሳፋውን ገልብጠው በእርጥብ ጨርቅ እያባበሉ አላቀቁት።  ሁለቱን ቁራጮች አጠገብ ለአጠገብ ስናደርጋቸው ጠርዛቸው ገጠመ። ከማቴዎስ ዳና ትይዩ 4418 ይላል።

ሸማቹ አጨበጨበ። እኔ ታይፕ ላይ ተቀመጥኩ። ሦስት መስመር ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ተበላሽቶብኝ በሦስተኛው ወጣ። ማኅተም ቀረ። ማኅተሙ ያለው ሥራ አስኪያጁ ጓድ ገብረጻድቅ ኪስ ውስጥ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ባህል አዳራሽ ስብሰባ ላይ ናቸው። ጋሽ ሙህዲንና እኔ ሮጥን። በሩ ላይ ያለው ጥበቃ ንግግሩ ሳያልቅ ማንም አይገባም አለን።

«የሰው ሕይወት ነው ወንድሜ!» አልኩት።

«ንግግሩ ሊያልቅ ነው፤ ታገሱ።»

ከውስጥ ጭብጨባ ይሰማል። ያለቀ ይመስለናል፤ ንግግሩ እንደገና ይቀጥላል። ጋሽ ሙህዲን ሰዓታቸውን ወደ ጥበቃው ፊት አቀረቡ፤ ለመኑት፤ በልጆቹ ስም፣ በእናቱ ስም። በመጨረሻ ጓድ ገብረጻድቅን ጠርቶልን ወጡ። ደብዳቤውን አንብበው «ይሄ ልጅ እስካሁን መታወቂያ የለውም?» ብለው አዩኝ።  ማኅተሙን ግድግዳው ላይ አስደግፈው መቱት።

ጉዱማሌ ስንደርስ ስምንት ሰዓት ከሃያ ሆኗል። የግቢው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ውስጡ ባዶ ነው። መሬት ላይ የወዳደቀ የሸንኮራ ልጣጭና አንድ ነጠላ ጫማ አለ። እናቶቹ በመንገዱ ዳር ተበታትነው ተቀምጠዋል። ጓድ ኩማ ደብዳቤውን ከእጄ ተቀበለና ከላይ እስከ ታች አነበበው። ሳይሰለች ነው ያነበበው።

«ደብዳቤው ትክክል ነው» አለ። «ልጁ ግን የለም።»

ታቢታ ከመንገዱ ዳር ተነሥታ መጣች። ደብዳቤውን ከእሱ ተቀብላ ቁጥሩን አየች።

«እትዬ፣ ይሄ ቁጥር የት ነበር?»

«እኔ እጅ» አልኳት።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ካቻምና… የለም፣ ካለፈው ዓመት ኅዳር ጀምሮ።»

ብትሰድበኝ፣ ፊቴን ብትቧጭረኝ ይሻለኝ ነበር። ወረቀቱን አጣጥፋ ያዘችና «ዓመት ከአንድ ወር» አለች፤ ሄደች።

በማግስቱ ከሁለቱ ቁራጮችና ጠረጴዛው ላይ ከተደረደሩት ከሌሎቹ የተገኘውን ቁጥር እየገጣጠምኩ የአሥሩን ሠራተኞች ካርድ ለመሥራት ተቀመጥኩ። የጎደለውን ከዋናው መሥሪያ ቤት አስመጣሁ። የመጀመሪያውን ካርድ ስጀምር ሰዓቴን ተመልክቼ ነበር። ቁጥሩን ለመጻፍ፣ ፎቶውን ለመለጠፍ፣ ማኅተም ለማስመታት ስድስት ደቂቃ ወሰደብኝ። ዓመት ሙሉ «ነገ» ያልኩት ሥራ ስድስት ደቂቃ ነበር።

ካርዱን ለየባለቤቱ በእጄ ሰጠሁ። ጠዋት ሲፈርሙ አጠገባቸው እየቆምኩ ቁጥራቸውን በቃላቸው አስባልኳቸው። መጀመሪያ ሳቁብኝ፤ ኋላ ለመዱት። በሠራተኛ ስብሰባ ላይ ተነሥቼ የሆነውን ሁሉ፣ ሹራቡን ሳይቀር፣ ተናገርኩ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ ያንሰኝ ነበር። ማቴዎስ ለተወሰደበት የወታደር ማሠልጠኛ አምስት ደብዳቤ ጻፍን። ለአምስተኛው መልስ መጣ፤ ግለሰቡ ሥልጠናውን ጨርሶ ወደ ግዳጅ ተሰማርቷል ይላል። መልሱን ወደ ታቢታ ይዤ ሄድኩ። ከዚያ በኋላም በየሳምንቱ እሄድ ነበር። ሁለት ወር ያህል እኔን አላናገረችኝም። አንድ ቀን በርጩማ ገፋ አደረገችልኝ፤ ተቀመጥኩ።

ማቴዎስ የተመለሰው በ1981 ነው። ቀኝ እጁ ተጎድቶ ሁለት ጣቱ አይታጠፍም። መቀስ መያዝ አይችልም። መደብሩ መልሶ ሲቀጥረው የዕቃ መረከቢያ ላይ መደብነው። እኔ ግን ሳልናገር ማደር አልቻልኩም። ሥራ በጀመረበት ጠዋት ቢሮዬ ጠርቼ ዝርዝሩ እንዴት መጣ፣ የት ተቀመጠ፣ እንዴት ተቆራረጠ፣ ሁሉንም ነገርኩት።

 ከዚያ «እኔም ሁለት ጊዜ ጠይቄ ተውኩት» አለ። «ጋሽ ሙህዲን ነግረውኝ ነበር። የራሴ ነገር ነበረ፤ አሥር ጊዜ ልጠይቅሽ ይገባኝ ነበር።»

«አንተ ላይ አታድርገው» አልኩት።

«አላደርገውም። ድርሻዬን ነው የምናገረው።» ወደ መስኮቱ ዞረ። «ግን እትዬ፣ በዚያ መኪና ላይ አርባ ስድስት ነበርን። አጠገቤ የተቀመጠው ከገጠር በቆሎ ሊሸጥ የመጣ ልጅ ነው። መንገዱን ሁሉ ‹እህቴ በቆሎውን ይዛ ቆማለች› ይለኝ ነበር። እሱ አልተመለሰም። ለእሱ ቁጥሩን የሚፈልግለት ማነው? ቁጥርስ መች ነበረው?»

 ሰው ስለቆጠሩት ሰው አይሆንም፤ ባይቆጠርም ሰው ነው። ይህን ለማስተካከል የእኔ ጉልበት አይበቃም ነበር። የማቴዎስ ካርድ ግን በእኔ ጉልበት ልክ የነበረ ሥራ ነው። ትልቁን ክፉ ነገር እያየን «ምን ማድረግ ይቻላል» የምንል ብዙዎች፣ ማድረግ የምንችለውን ትንሹን ነገር መሳቢያ ውስጥ ዘግተንበታል።

ስለዚህ ሠራተኛ የሆናችሁ፣ ቁጥራችሁን ዕወቁ። የመሥሪያ ቤታችሁ ሰው ቢያውቃችሁም፣ ቢወዳችሁም፣ በቃላችሁ ያዙት፤ ካርዳችሁ ካልደረሰ ደግሞ እስኪሰለቻቸው ጠይቁ፣ አትፈሩ። እንደ እኔ መዝገብ የያዛችሁም፣ «ነገ ና» ከማለታችሁ በፊት ሥራው ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ገምቱ። እኔ አሁን ጡረታ ልወጣ ሁለት ወር ቀርቶኛል። ትናንት አንዲት አዲስ ተቀጣሪ ከምሳ በፊት ፎቶግራፏን ይዛ መጣችና «ነገ ልምጣ?» አለችኝ። ተቀመጪ አልኳት።